ባዶ ነው ስላልከው ሜዳ

ጎባ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደኅና ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ መቅረቴ ሰበብ የሚገኝለት ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ቀጥሎ የእናቴ ሕመምና ሐዘኗ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን የያዘኝ እፍረት ብቻ ነበር። ዝምታ እንደ አራጣ ብድር ነው፤ በዘገየ ቁጥር ወለዱ እየከበደ ይሄድና ባለዕዳው አበዳሪውን መንገድ ላይ እንኳ ማየት ይፈራል። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን፣ ባለፈው ሳምንት በባሌ ተራሮች ሳነቴ በሚባለው አምባ አናት ላይ እስከ ጉልበቴ ረግረግ ውስጥ ተዘፍቄ ሳለ አንተ የተናገርካት ቃል ትዝ ስላለችኝ ነው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና በጭነት መኪና ጋቢና ተጣበን ያቋረጥንበትን ቀን አትረሳውም። ደመናው መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር። አንተ መስኮቱን በእጅጌህ ወልወል አድርገህ ረጅም ጊዜ ካየህ በኋላ «ይህ ሁሉ አገር ባዶውን ተቀምጧል እኮ!» አልክ። ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔም የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ የምመልሰው አጣሁና ዝም አልኩ። ወደ ጎባ ተዛውሬ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ወደዚያ አናት ስወጣ፣ ስለዚያው ስፍራ የተጻፈውንም እየፈለግሁ ሳነብ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የይቅርታ ብቻ ሳይሆን የዘገየ መልስም ነው።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ውኃው ነበር። ውኃ ቁልቁል ይወርዳል ብለን ስላደግን ረግረግ የምንፈልገው ከሸለቆ ግርጌ እንጂ ከተራራ ራስ ላይ አይደለም። ሳነቴ ግን ተራራ ይባል እንጂ ሹል ጫፍ የለውም፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት የተሠራ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሰፊ አምባ ነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውና ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ቱሉ ዲምቱ እንኳ አምባው ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው የቀላ ጉብታ ይመስላል፤ ስሙም በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚወርደው ዝናብ በዚህ ገበታ ላይ ሲያርፍ የሚሸሽበት ተዳፋት አያገኝም፤ ከሥሩ ያለው ዐለትም ቶሎ አያሰርገውም። ብርዱ ትነቱን ይቀንሳል፤ የሞተው ሣርና ሥር በወጉ ሳይበሰብስ የዓመቱ በዓመቱ ላይ እየተደራረበ ጥቁርና ስፖንጅ የመሰለ አፈር ይሆናል። በዚህ ወር ብትመጣ በየጎድጓዳው ኩሬው ሰማዩን ይዞ ተኝቶ ታገኘዋለህ። በኩሬዎቹ መካከል የጓሳው ሣር ጉቶ ጉቶ ሆኖ ስለሚቆም ከጉቶ ወደ ጉቶ እየዘለልክ ትሄዳለህ፤ አንዱን ከሳትክ ግን ማጡ ይቀበልሃል። እኔን የተቀበለኝ እንዲህ ነው፤ በሁለት እጄ ሣር ጨብጬ እግሬን ስስብ እግሬ መጣ፣ ግራ ጫማዬ ቀረ።

ኩሬዎቹን ማን ቆፈራቸው ብለህ ብትጠይቀኝ ከቆፋሪዎቹ አንዱ በረዶ ነው እልሃለሁ። ዛሬ በኢትዮጵያ ምድር የበረዶ ግግር የለም፤ ከ40 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ግን የባሌ አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ፣ የግግሩም ምላስ በሸለቆዎቹ ቁልቁል ይሳብ ነበር። ከ18 ሺህ ዓመታት ገደማ ወዲህ እየቀለጠ ሲሸሽ የቦረቦረውን ጎድጓዳ ትቶ፣ የተሸከመውን ቋጥኝ ባለበት ጥሎ ሄደ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በአምባው ላይ ያለው የድንጋይ ትልም ነው። ትልልቅ ድንጋዮች ረድፍ ይዘው፣ አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1 ኪሎ ሜትር እየረዘመና እስከ 15 ሜትር እየሰፋ፣ ሰው በገመድ ለክቶ እንዳሰለፋቸው ሆነው ተኝተዋል። መጀመሪያ ሳያቸው የጥንት ሰዎች ካብ መስለውኝ ለተማሪዎቼ ሳይቀር እንዲሁ ብዬ አስተምሬአለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት አፍሬ አስተካከልኩ። በበረዶው ዘመን መሬቱ እየቀዘቀዘ ሲያብጥ፣ እየቀለጠም ሲረግብ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ወደ ዳር ገፋው፤ ትልሙን ያወጣው ይኸው የማበጥና የመርገብ ሥራ ነው። የዛሬው ውርጭም ያንኑ በትንሹ ይሠራል። ማለዳ ስትረግጠው ከእግርህ ሥር የሚንኮሻኮሸው እርጥቡን አፈር በሌሊት ወደ ላይ የገፋ የበረዶ መርፌ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ መርፌው ይሟሟና አፈሩ ይረግባል፣ ማታ እንደገና ይነሣል። ቀርፋፋ ሥር ያለው ቡቃያ በዚህ መካከል እንዴት እንደሚይዝ አስበው።

በደረቁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ድረስ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በዚያው ቀን ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ የፊትህን ቆዳ ይልጣል። አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን አገር በደፈናው «ውርጭ» ብለው መጥራታቸው ልክ ነበር። ከጓሳው በላይ አንገቱን አውጥቶ የምታየው ጅብራ ብቻ ነው። ቅጠሎቹን ማታ ወደ ውስጥ ሰብስቦ የመሐል እምቡጡን ከውርጭ ይጠብቃል፤ ለብዙ ዓመታት ቀስ ብሎ ሲያድግ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አበባውን ከሰው ቁመት በላይ ሰቅሎ ያብባል፣ ከዚያም ይሞታል። ደርቆ የቆመው ግንድ በጉም ውስጥ ሰው ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው የአገሩ ባለቤት ልምጣ። አንተ ባዶ ያልከውን ሜዳ ዓመት እስከ ዓመት የሚያርሰው የባሌ ታላቁ ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም። ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ የተቀመጡት ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ዙሪያውን ለማየት እንዲመቸው ነው። ወገቡ ድረስ ብቅ ይልና በአፉ የደረሰበትን ሣር ሁሉ ፈጥኖ ይጨብጣል፣ ይዞም ይሰወራል፤ በዙሪያው ያለው ሲያልቅበት ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ብርዱ ሲበረታ አፉን በአፈርና በሣር ይደፍነዋል። እንዲህ እየቆፈረ ሲኖር ከሥር ያለውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፣ ከላይ ያለውን ሣር ወደ ታች ያወርዳል፤ በመኪና መስኮት እብጠት እብጠት ሆኖ ያየኸው ሜዳ የእርሱና የአያት ቅድመ አያቶቹ እርሻ ነው። በአጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም፤ እርሱ ከሚቆፍረው አፈር ትል ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይም ትጮህና ወደ ጉድጓዱ ይገባል። አንድ ከሰዓት ሙሉ በደረቴ ተኝቼ ይህን ጉርብትና ስመለከት ውዬ ለሁለት ሳምንት ሳልኩ፤ አልጸጸትም።

ወፏ የምትጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ለቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኖራል፣ አደን ግን ብቻውን ይወጣል፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ሐውልት ይቆምና ፍልፈሉን ይጠብቃል። ቅድመ አያቶቹ በቀዝቃዛው ዘመን ከእስያና ከአውሮፓ በኩል የመጡ የተኩላ ዘመዶች ናቸው፤ ዓለም ሲሞቅ ብርዱ ወደ ተራራ ራስ ሸሸ፣ እነርሱም ብርዱን ተከትለው ወጡ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ናቸው። በኩሬዎቹ ዳር ከኢትዮጵያ ደጋ የማትወጣው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ትሰማራለች፤ በክረምት ከጉንጩ ሥር ቆዳ የሚያንጠለጥለው ረጅሙ ክሬን ረግረጉ መካከል፣ ቀበሮ በማይደፍረው ስፍራ ይፈለፍላል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያንተን ቃል ወደሚያፈርሰው ነገር ልግባ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በወይብ ሸለቆ በኩል ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዐለት ጥላ ሥር ያገኘውን ይፋ አደረገ። ስፍራው 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዋሻው ወለል የተገኘው አመድ፣ የድንጋይ መሣሪያና አጥንት በራዲዮካርቦን ሲለካ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት እንደነበር ተረጋገጠ። ቁጥሩን ቆም ብለህ አስበው፤ አክሱምን ሁለት ሺህ ዓመት ሞልቷታል ብትል እንኳ ይህ ከእርሷ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ የራቀ ጊዜ ነው። የበረዶው ግግር ከራሳቸው በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቆላው በድርቅ ሲጠወልግ የሚቀልጠው በረዶ ለእነርሱ የማይነጥፍ ውኃ ሆነላቸው።

ምን ይበሉ ነበር ትለኝ እንደሆነ፣ ያንኑ ፍልፈል ይበሉ ነበር። ከዋሻው የወጣው አጥንት አብዛኛው የታላቁ ፍልፈል ነው፤ እሳት የነካውም አለበት፤ ተጠብሶ የተበላ ነው። እኔ ለዚህ ነገር ያለኝ ስሜት ከጥናቱ ቃላት ያልፋል። በደረቴ ተኝቼ ያየሁት ያ እንስሳ፣ ያው አወጣጡ፣ ያው መሰወሩ፣ ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት ሌላ ሰው እንደ እኔ በሆዱ ተኝቶ የጠበቀው ነው፤ እርሱ ግን ለእራቱ ነበር። የመሣሪያቸው ድንጋይ ደግሞ ባልጩት ሲሆን፣ የመጣው ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ወደ በረዶው ጫፍ ድረስ እየወጡ ያመጡት ነበር ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ በአንድ ዝናባማ ጠዋት ከመንገዱ ዳር ከታጠበ አፈር ውስጥ ጥፍር የምታህል ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፍንካች አየሁ። አንሥቼ በጠርዟ አውራ ጣቴን ዳሰስኩባት፤ አሁንም ትቆርጣለች። ወደ ነበረችበት መለስኳት።

የረግረጉ ደለል ራሱ ደግሞ እንደ መዝገብ ነው። በአምባው አጠገብ 3,950 ሜትር ላይ ገርባ ጉራቻ፣ ማለትም «ጥቁር ሐይቅ»፣ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ፤ የበረዶ ግግር በቆፈረው ጎድጓዳ የተቀመጠ ነው። ተመራማሪዎች ከወለሉ ከ15 ሜትር የሚበልጥ የደለል አምድ አውጥተው 16 ሺህ ዓመት ገደማ የሚሆነውን ታሪክ ከላይ እስከ ታች አንብበውታል። በረዶው እንደ ለቀቀ መጀመሪያ የታየው ሣርና ድርቅን የሚችል ተክል ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ወደ ላይ ወጣ፤ ከአምስት ሺህ ዓመታት ገደማ ወዲህ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ታች አፈገፈገ። ከአበባው ብናኝ ጋር የከሰል ብናኝም አለ። አስታው ከ14 ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ እየተቃጠለ መልሶ ሲያቆጠቁጥ ኖሯል። ይህን የምነግርህ በምክንያት ነው፤ እረኛው አስታ ሲያቃጥል ባየሁ ቁጥር ድሮ ደሜ ይፈላ ነበር፤ አሁን እሳቱ በየስንት ዓመቱ እንደሚመለስ እጠይቃለሁ እንጂ በእሳቱ መኖር ብቻ አልቆጣም።

እረኞቹን አንተም አይተሃቸዋል፤ በፈረስ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጀቡነው። ከብቱን በወቅቱ ከቆላ ወደ አምባ፣ ከአምባ ወደ ጫካ የሚያዘዋውሩበትን ሥርዓት «ጎዳንቱ» ይሉታል። ማዕድን ያለበትን የምንጭ ውኃ «ሆራ» ይሉታል፤ ከብት ሆራ ካልጠጣ አይፋፋም ይላሉ፣ ለሆራም ሩቅ መንገድ ይነዳሉ። ቀይ ቀበሮን «ጄዳላ ፋርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ብለው የሚጠሩት ለመውለድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚጠብቅ ነው። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣ ለብዙ ትውልድ ቀበሮውን በቅርብ ያየ ሰው ብቻ ነው። ሪራ ላይ ሻይ የጋበዙኝ አንድ አዛውንት የአምባውን ረግረግ እያንዳንዱን በስሙ ቆጠሩልኝ፤ የትኛው ላም እንደሚውጥ፣ የትኛው በጥር እንደሚደርቅ፣ የትኛው ዳር የበቀለው ሣር ወተት እንደሚጨምር። እኔ በካርታዬ ላይ ያለኝ ለሁሉም አንድ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተ «ባዶ» አልክ። የቱሪስት ማስታወቂያ የሚጽፉት ደግሞ «ሰው ያልነካው ድንግል ተፈጥሮ» ይላሉ። ድሮ የእነርሱ ቃል ካንተ ቃል የተሻለ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ይታዩኛል፤ ሁለቱም ሰውየውን ከሜዳው ላይ ያጠፉታል። በአንጻሩ ደግሞ «ሁሌም ሰው ነበረበት» ብለን ዛሬ የሚሆነውን ሁሉ ብንቀበል ሌላ ስሕተት ነው። ወቅት ጠብቆ ወጥቶ የሚወርድ እረኛና ቤት ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ለረግረጉ አንድ አይደሉም። ከብት ዓመቱን ሙሉ የረገጠው ማጥ ይደደራል፣ ሣሩ ይሳሳል፣ ፍልፈሉ ይለቃል፣ ቀበሮውም ይከተላል። ከመንደሩ ጋር ውሻ ይመጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በ1984 ዓ.ም. እና በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በባሌ ሲነሣ በተዛመተባቸው ሸለቆዎች ከቀበሮዎቹ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨርሷል። ከነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ቁራሽ ውስጥ የተደበቀ ክትባት በየሜዳው መበተን ተጀምሯል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ደስ ብሎኛል፣ ነገር ግን መዝገቡ የእነዚያን አዛውንት የረግረግ ስሞች አልያዘም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል? አምባው በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ወይብ ከዚሁ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዌልመል፣ ዱማልና ያዶት በሀረና ጫካ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ የገናሌም ውኃ ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ውስጥ ጁባ ይሆናል። ያን ቀን ደሎ መና ደርሰን ከላብ ጋር ስንታገል በጣሳ አንሥተህ የጠጣኸው ውኃ ከሁለት ሰዓት በፊት «ባዶ» ብለህ ካለፍከው ሜዳ የወረደ ነበር። ያን ጊዜ ብነግርህ ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር ለመገመት አያስቸግረኝም፤ ጣሳውን አንሥተህ «እንግዲያው ለባዶው!» ትል ነበር።

ጫማዬን ለመፈለግ በማግስቱ ማለዳ ተመልሼ ወጥቼ ነበር። የገባሁበት ቀዳዳ ተከድኗል፤ በላዩ ጣት የሚያህል በረዶ ጋግሯል፤ ከአጠገቡም ፍልፈል በሌሊት ያወጣው ትኩስ ጥቁር አፈር ተቆልሏል። በዱላዬ ትንሽ ነካክቼ ተውኩት። በጥር ኩሬዎቹ ይጎድላሉ፣ መንገዱም ደረቅ ይሆናል፤ ልጆችህን ይዘህ ብትመጣ ቤቴ ቤትህ ነው። ረጅም ቦቲ ለሁላችሁም አዘጋጃለሁ፣ የእግራቸውን ቁጥር ብቻ ላክልኝ። የእኔ 42 ነው፤ ግራው ብቻ ነው የጎደለኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ